አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ነገር ማሳየት፣ ድምሩ ሳይበላሽ

ያው ድሬ ውስጥ ሱቅ ወይ መጋዘን ያለው ሰው ኤክሴል የሚነካካ ልጅ ካገኘ አይለቅም፣ እኔንም ያገኙኝ እንደዛ ነው። ቀፊራ አካባቢ ሽንኩርትና ድንች በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ሀጂ አሉ፣ ደብተሬን ኮምፒውተር ላይ ገልብጥልኝ አሉኝና ከ200 በላይ መስመር ስጽፍ አመሸሁ፣ ልክ እሳቸው እንደጻፉት "3 ኩንታል 50 ኪሎ"፣ "12 ኩንታል 5 ኪሎ" እያልኩ። ሲያልቅ ታች ወረድኩና ደምር አልኩት። 0 አለኝ። ደገምኩት። 0። ሀጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን አዩትና "አቦ፣ ታዲያ ይሄ ማሽን ከኔ ደብተር በምን ተሻለ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ለሊት የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ አንድ ሴል (የኤክሴል አንዷ ሳጥን) ውስጥ ሁለት ነገር (ኩንታልና ኪሎ፣ ዶላርና ፍራንክ፣ የኛ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት) እንዴት እንደሚታይና ቁጥሩ ግን ቁጥር ሆኖ እንዴት እንደሚቆይ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፣ ፎርሙላዎቹን በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ ኤ2 ስል ኤ የኮለሙ (ወደ ታች የሚወርደው አምድ) ፊደል ነው፣ 2 የመስመሩ ቁጥር፣ እናንተ ስትጽፉ ኪቦርዳችሁን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት። የፎርሙላ ስም ሲመጣ ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ።

ሴሉ ውስጥ ያለው ምንድነው?

ሴል የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወይ ቁጥር ወይ ጽሁፍ። ፎርማት ማለት ደግሞ ልብስ ነው። ሰውዬው ሽርጥ ታጥቆ ቢመጣ ሱፍ ለብሶ ቢመጣ ያው ሰውዬው ነው አይደል፣ 350 የሚለውንም ቁጥር "350 ኪሎ" አልብሱት "3 ኩንታል ከ 50 ኪሎ" አልብሱት፣ ላይ ያለውን ፎርሙላ ባር ስታዩት 350 ነው የሚላችሁ፣ ሲደመርም 350 ሆኖ ነው የሚደመረው።

እኔ ግን ያደረኩት ልብስ ማልበስ አልነበረም፣ ቃሉን ራሱን በእጄ ሴሉ ውስጥ ጻፍኩት፣ ያኔ ሴሉ ጽሁፍ ሆነ ማለት ነው። ሰም (ኤስ-ዩ-ኤም) የሚባለው ደማሪ ደግሞ ጽሁፍ ሲያገኝ ዝም ብሎ ዘሎት ያልፋል፣ ኤረር እንኳን አይልም፣ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በመደመር ምልክት አንድ በአንድ ደምሬው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጮህብኝ ነበር። የኔ እንኳን ሁሉም መስመር ጽሁፍ ስለነበረ 0 አለኝና ነቃሁ፣ ግማሹ ቁጥር ግማሹ ጽሁፍ ቢሆን ኖሮ የሆነ ትክክል የሚመስል ድምር ያወጣና ሀጂን አክስሬያቸው ነበር።

በዓይን መለያው ቀላል ነው፣ ምንም ካልነካካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል ጽሁፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ግራ የተጠጋ ቁጥር ካያችሁ ጠርጥሩ።

ስለዚህ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ይሄ ኮለም ነገ ይደመራል ወይስ ሰው አይቶት ብቻ ነው የሚያልፈው? የሚደመር ከሆነ መንገድ አንድ፣ ለማየት ብቻ ከሆነ መንገድ ሁለት።

መንገድ አንድ፦ በፎርማት

ይሄ በጣም የምወደው ነው ምክንያቱም ቁጥሩን አይነካውም። የኩንታሉን ነገር እንስራው።

መጀመሪያ ሁሉንም በኪሎ ብቻ አስገቡ። 3 ኩንታል ከ50 ከሆነ 350፣ 12 ኩንታል ከ5 ከሆነ 1205። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ሚስጥሩም ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ወዲያው ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ኮለሙን ምረጡና ኮንትሮል እና 1 አንድ ላይ ተጫኑ (የላይኛውን የቁጥር መስመር 1 ነው የምላችሁ)። ፎርማት ሴልስ የሚል መስኮት ይከፈታል። ነምበር የሚለው ታብ ላይ ሆናችሁ ከግራ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከስተም የሚለውን ንኩ። ታይፕ በሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን አጥፉና ይሄን ጻፉ፦

0" ኩንታል ከ "00" ኪሎ"

ኦኬ። አለቀ። 350 የነበረው "3 ኩንታል ከ 50 ኪሎ" ሆኗል፣ 1205 "12 ኩንታል ከ 05 ኪሎ" ሆኗል፣ ከታች ስትደምሩትም ድምሩ ራሱ ያንኑ ልብስ ካለበሳችሁት በኩንታልና በኪሎ ይወጣል።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ኤክሴል ዲጂቶቹን ከቀኝ ጀምሮ ነው በዜሮዎቹ ቦታ የሚያስቀምጣቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲጂቶች 00 ላይ ያርፋሉ፣ የተረፈው ሁሉ ከፊት ያለው 0 ላይ ይሰበሰባል፣ በመሀል ጥቅስ ውስጥ ያለውን ቃል እንዳለ ይሰነቅረዋል። ኩንታል በትክክል 100 ባይሆን ኖሮ ይሄ ዘዴ አይሰራም ነበር፣ ስለዚህ ለሜትርና ሳንቲሜትርም ይሰራል፣ ለብርና ሳንቲምም (ሁሉንም በሳንቲም ካስገባችሁ) ይሰራል፣ ለሰዓትና ደቂቃ ግን በጭራሽ እንዳትሞክሩት።

እዚህ ላይ የሺ መለያ ኮማ ለማስገባት እንዳይከጅላችሁ፣ ኮማው ከሙሉው ቁጥር መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሦስት እየቆጠረ ስለሚገባ ኩንታሉ መሀል ይሰነጠቃል፣ አስቀያሚ ነገር ነው የሚሆነው።

ከ100 ኪሎ በታች የሆነው ደግሞ "0 ኩንታል ከ 80 ኪሎ" እያለ ያሳፍራል። እሱን እንዲህ ነው የሚያስተካክሉት፦

[<100]0" ኪሎ";0" ኩንታል ከ "00" ኪሎ"

ከ100 ካነሰ የመጀመሪያውን ልብስ፣ ካላነሰ ሁለተኛውን። እንደዚህ አይነት ሁኔታ በአንድ ፎርማት ውስጥ ሁለት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሦስተኛው "የቀረው ሁሉ" ነው።

ስለ ሴሚኮለኗ ካነሳን አይቀር፣ ሁኔታ ካልጻፋችሁ አራት ክፍል አላት፦ ከዜሮ በላይ፣ ከዜሮ በታች፣ ዜሮ፣ ጽሁፍ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። የዱቤ መዝገብ ላይ ይሄ ወርቅ ነው፦

#,##0" ብር ዱቤ";#,##0" ብር ቀብድ";"ዘግቷል";@

ደንበኛው 4500 ካለበት "4,500 ብር ዱቤ" ይላል፣ ቅድሚያ ከፍሎ ከሆነና −2000 ካላችሁ "2,000 ብር ቀብድ" ይላል (የመቀነስ ምልክቷን ራሱ ይደብቃታል)፣ ጨርሶ ከከፈለ "ዘግቷል"። አንድ ቁጥር ነው፣ ግን መጠኑንም ሁኔታውንም ይናገራል። @ ማለት ጽሁፍ ከመጣ እንዳለ አሳየው ማለት ነው። ቀይ ቀለም ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ክፍል ፊት በማዕዘን ቅንፍ አር-ኢ-ዲ ብላችሁ ጻፉ።

ደርዘን የሚሸጥ ካለም ዘዴ አለ። ፍሬውን ለ12 አካፍሉትና (ለምሳሌ =ቢ2/12) ፎርማቱን # ??/12 አድርጉት፣ 30 ፍሬ የነበረው 2 6/12 ብሎ ይወጣል፣ ሁለት ደርዘን ከስድስት ፍሬ ማለት ነው። ታይዋን ሰፈር ካልሲና ቲሸርት ለሚያስገቡ ሰዎች ሰርቼላቸው ወደውታል፣ ብቻ ለለመደው ዓይን ነው የሚመቸው፣ አዲስ ሰው ክፍልፋይ ሲያይ ይደነግጣል።

መንገድ ሁለት፦ በፎርሙላ

ፎርማት የራሱን ሴል ቁጥር ብቻ ነው የሚያለብሰው፣ ከጎን ካለ ሴል ሌላ ቁጥር ጎትቶ ማምጣት አይችልም። ሁለት የተለያየ ሴል ላይ ያለን ነገር አንድ ላይ ማሳየት ከፈለጋችሁ የግድ ፎርሙላ ነው፣ ውጤቱ ደግሞ ጽሁፍ ነው፣ አይደመርም። ስለዚህ ዋናዎቹ ኮለሞች ሳይነኩ ይቀመጡ፣ ይሄ ለማሳያ አዲስ ኮለም ይሁን።

ማጣበቂያው & የሚለው ምልክት ነው፦

=ኤ2&" / "&ቢ2

ቀላል ነው፣ ግን ሲያጣብቅ ልብሱን ያወልቀዋል፣ ራቁቱን ነው የሚያመጣው። ኤ2 ላይ ቀን ካለ ለምሳሌ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025፣ ያጣበቃችሁት ሴል ላይ 45658 ብሎ ይወጣል፣ ምክንያቱም ለኤክሴል ቀን ማለት ከ1900 ጀምሮ የተቆጠረ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል። መፍትሄው ቴክስት (ቲ-ኢ-ኤክስ-ቲ) የሚባለው ፎርሙላ ነው፣ እያለበሰ ያጣብቃል።

ምሳሌ። ከጅቡቲ በኩል እቃ የሚያስገባ ሰው ዋጋውን በዶላርና በጅቡቲ ፍራንክ አንድ ሴል ላይ ከላይና ከታች ማየት ፈለገ እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 177.721 ፍራንክ፣ ስለዚህ እንደ ብር በየቀኑ ምንዛሬ መቀያየር የለም፣ አንዴ ጽፋችሁ ትተዉታላችሁ፦

=ቴክስት(ኤ2,"#,##0")&" ዶላር"&ቻር(10)&ቴክስት(ኤ2*177.721,"#,##0")&" ፍራንክ"

ኤ2 ላይ 1200 ካለ ከላይ "1,200 ዶላር" ከታች "213,265 ፍራንክ" ይመጣል። ቻር (ሲ-ኤች-ኤ-አር) 10 ማለት አዲስ መስመር ጀምር ማለት ነው። ግን መጀመሪያ ስትጽፉት ሁለቱ ተጣብቀው በአንድ መስመር ነው የሚታዩት፣ አትደንግጡ፣ ሆም ታብ ላይ ራፕ ቴክስት የሚለውን ንኩት፣ ይሰበራል። እሱን ሳያውቁ ቻር አይሰራም ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። በፎርሙላ ሳይሆን በእጅ የምትጽፉት ጽሁፍ ከሆነ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ሆናችሁ አልት እና ኢንተር ብቻ ይበቃል።

ሌላው በጣም የሚያስፈልገን የሰዓት ነገር ነው። ቲኬት የምትቆርጥ ጓደኛ አለችኝ፣ ሲስተሙ ላይ 5:00 ይላል፣ ተሳፋሪው ደግሞ 11 ሰዓት ሌሊት ካላላችሁት ሲመጣ መኪናው ሄዷል። ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲህ ሰራንላት፣ ኤ2 ላይ የፈረንጁ ሰዓት አለ፦

=ሞድ(አወር(ኤ2)+5,12)+1&":"&ቴክስት(ሚኒት(ኤ2),"00")&" በኛ / "&ቴክስት(ኤ2,"ኤችኤች:ኤምኤም")

ሞድ ኤም-ኦ-ዲ ነው፣ ሲካፈል የሚተርፈውን ይሰጣል። አወር ኤች-ኦ-ዩ-አር፣ ሚኒት ኤም-አይ-ኤን-ዩ-ቲ-ኢ። መጨረሻ ላይ ያለው ሁለት ኤችና ሁለት ኤም ነው። ለምን 6 አልቀነስክም የሚል ካለ፣ መጀመሪያ 6 ቀንሼ ነበር የሰራሁት፣ ግን ጠዋት 12 ሰዓት "0:00" ብሎ ወጣ፣ አገር ምድሩ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚሳፈረው ደግሞ። 5 ደምሮ፣ በ12 አካፍሎ፣ ትራፊው ላይ 1 መጨመር 12ን 12 ሆኖ እንዲቀር ያደርገዋል። በ6:00፣ በ18:00፣ በ0:00 ፈትሹት፣ 12፣ 12፣ 6 ይላችኋል።

ሦስትና ከዛ በላይ ሴል ከሆነ & እየደጋገሙ መጻፍ ያሰለቻል፣ አንዱ ባዶ ከሆነም ሰረዙ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኤክሴላችሁ 2019 ወይ ከዛ በኋላ ከሆነ ቴክስትጆይን (ቴክስት ላይ ጄ-ኦ-አይ-ኤን ቀጥሉበት) አለላችሁ፦

=ቴክስትጆይን(" / ",1,ቢ2:ዲ2)

መሀል ያለው 1 ባዶውን ዝለለው ማለት ነው። የቆየ ኤክሴል ላይ ግን የለም፣ ስሙን አላውቀውም ብሎ ኤረር ይሰጣችኋል፣ ስለዚህ ፋይሉን የምትልኩለት ሰው የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ።

የአማርኛ ኪቦርድ ጣጣ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ስንት ሰዓት በልቶብኛል። ፎርሙላው ውስጥ "ኩንታል" ብላችሁ ልትጽፉ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ትቀይራላችሁ፣ መመለሱን ትረሱና ኮማ ስትጫኑ ፣ ይገባል፣ ሴሚኮለን ስትጫኑ ፤ ይገባል፣ በችኮላ ስታዩት ልዩነቱ አያስታውቅም፣ ኤክሴል ግን አያውቃቸውም። ሌላው ከቴሌግራም የተገለበጠ ፎርሙላ ነው፣ ቀጥ ያለችው " ጥቅስ ወደ ጎበጠችው “ ተቀይራ ትመጣለች፣ ሁሉንም ጥቅስ አጥፍታችሁ እንደገና በእጃችሁ ካልጻፋችሁ አይሰራም። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሁሉን ነገር ትክክል ጽፋችሁ ኮማውን አልቀበልም ይላል፣ እሱ የሪጅን ሴቲንግ ነው፣ በኮማው ቦታ የእንግሊዝኛውን ሴሚኮለን ; አድርጉበት።

እኔ አሁን የማደርገው፣ "ኩንታል" የሚለውን ቃል ራቅ ያለ ሴል ላይ ለምሳሌ ኤች1 ላይ አንዴ እጽፍና ፎርሙላው ውስጥ $ኤች$1 ብዬ እጠራዋለሁ (የዶላር ምልክቷ ፎርሙላውን ወደ ሌላ ሴል ስገለብጠው ቦታው እንዳይቀየር ነው)። ኪቦርድ መቀያየር ቀረ፣ ነገ ቃሉን ወደ ከረጢት መቀየር ብፈልግም አንድ ቦታ ብቻ ነው የምቀይረው።

አስቀድሞ የተበላሸውን ማዳን

እኔ እንዳደረኩት ሁለቱንም አንድ ላይ በእጅ ጽፋችሁ ከሆነ እንደገና አትጻፉት። በጎኑ አራት ባዶ ኮለም አስገቡ (ካላስገባችሁ በቀኝ ያለውን ነገር ላዩ ላይ ይጽፍበታል)፣ ኮለሙን ምረጡ፣ ዳታ ታብ፣ ቴክስት ቱ ኮለምስ፣ ዲሊሚትድ፣ ኔክስት፣ ስፔስ ላይ ምልክት፣ ኔክስት፣ ዴስቲኔሽን ላይ የመጀመሪያዋን ባዶ ሴል፣ ፊኒሽ። "3 ኩንታል 50 ኪሎ" የነበረው 3፣ ኩንታል፣ 50፣ ኪሎ ሆኖ አራት ቦታ ይበተናል። ከዛ የመጀመሪያውን በ100 አባዝቶ ሦስተኛውን መደመር ነው። "80 ኪሎ" ብቻ የተባሉት መስመሮች ግን 80ው ኩንታሉ ቦታ ላይ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ሁለተኛው ኮለም ላይ ኪሎ የሚለውን በፊልተር ለይታችሁ ለብቻቸው አስተካክሉ። የሀጂን 80 ኪሎ ድንች 80 ኩንታል አድርጌው ነበር፣ ደግነቱ ራሴው አየሁት።

ጉግል ሺትስ ላይ

ብዙም አይለይም። ፎርማት፣ ነምበር፣ ከስተም ነምበር ፎርማት፣ ኮዶቹም በአብዛኛው እነዛው ናቸው። ለአዲስ መስመር ኮንትሮል እና ኢንተር ነው። ቴክስትጆይን ሁሌም አለ፣ ቨርዥን መጠየቅ የለም።

ክፍልፋዩ የት ሄደ?

ለሀጂ ፋይሉን ካስረከብኩ በኋላ ያታተምነውን ወረቀት ይዘው በካልኩሌተር ከላይ እስከ ታች ደመሩት። አንድ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ነበር፣ "3 ኩንታል ከ 50"፣ "1 ኩንታል ከ 20"፣ "80 ኪሎ"። በሳቸው 5 ኩንታል ከ 50፣ በኔ ወረቀት 5 ኩንታል ከ 51። አንድ ኪሎ ከየት መጣ?

ሚዛኑ የሰጠው 350.4፣ 120.4 እና 80.4 ነበር፣ ፎርማቱ ነጥቡን ስለማያሳይ እያንዳንዱን አጠጋግቶ ደበቀው፣ ከስር ግን ሙሉው ነው የተደመረው፣ 551.2። ልብሱ አጠረ እንጂ ሰውነቱ አልቀነሰም። ሁለት ምርጫ አለ፣ ወይ ነጥቡን በእውነት መቁረጥ፣ በራውንድ (አር-ኦ-ዩ-ኤን-ዲ) =ራውንድ(ሲ2,0) ብሎ፣ ያኔ የሚታየውና የሚደመረው አንድ ይሆናል፣ ወይ ነጥቡን ማሳየት። ሀጂን የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "ነጥቡም ሽንኩርት ነው" አሉኝ። እሺ ብዬ ፎርማቱን እንዲህ ቀየርኩት፦

[<100]0.0" ኪሎ";0" ኩንታል ከ "00.0" ኪሎ"

እንደገና አተምንላቸው፣ እንደገና ደመሩት፣ 5 ኩንታል ከ 51.2 አላቸው፣ ካልኩሌተሩን ኪሳቸው ከተቱት።